የአንገት ምርቃት

ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ራስ ይዤ ኖሬአለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ክፍሌ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ተራ ለሚጠብቁም አንድ አግዳሚ አላት። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የምላጭ አያያዝን በስድስት ወር፣ መቀስን በአንድ ዓመት ካስጨረሱኝ በኋላ፣ ከሁሉ በመጨረሻ ያሳዩኝ ነገር አንገት ማንቋቋት ነበር። ጺም ተላጭቶ ፊት በሙቅ ፎጣ ሲጠረግ፣ አንዱ እጅ ከአገጭ ሥር፣ ሌላው ከማጅራት በላይ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ትንፋሹን ሲለቅ ራሱን በድንገት ወደ አንድ ጎን ማዞር ነው። «ቋ» ይላል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ለዚህ ዋጋ አይጠየቅም፤ ስለዚህም ደንበኞቼ ምርቃት ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ከመካከላቸው ለፀጉሩ ሳይሆን ለምርቃቱ ብቻ የሚመጣ ነበር፤ ሁለት ራሰ በራ ደንበኞች ለሃያ ዓመት አንድም ወር ሳያጓድሉ ተመላልሰውብኛልና።

በዚህ ጥበብ እኮራ ነበር። ሰው ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰቅሎ ይገባል፣ ትከሻው ወደ ቦታው ተመልሶ ይወጣል። ሽማግሌው የነገሩኝን አንድ ቃልም እንደ ሕግ ይዤ ኖሬአለሁ፤ «ያልጮኸ አንገት ያልተፈታ አንገት ነው። እስኪጮህ ድረስ አትልቀቀው» ብለውኝ ነበር። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኋቸውም። እርሳቸውም የነገራቸውን ሰው የጠየቁት አይመስለኝም።

አባታችን ሲሞት ታናሽ እህቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያች ወንበር ሠርቼ አሳደግኋት፣ አስተማርኋት፣ ዳርኋት። አሁን በአንድ ዳቦ ቤት ሊጥ አቡኪ ናት፤ ገና ሳይነጋ ገብታ ረፋድ ላይ ትወጣለች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳ ማንም ይቀባል፤ እርሱ ግን የኮርኒስ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚውል የሠፈሩ ሰው «አንጋጦ» ብሎ ሰየመው፤ ከጊዜ ብዛት እህቴም ሳትቀር በዚሁ ስም ትጠራው ጀመር።

አንጋጦ በዚያ ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይቀባ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሠርቶ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ እንደ ደገፈ ወደ ክፍሌ ገባ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ይህ ሰው ለመላጨት ይምጣ ለወሬ ለይቼው አላውቅም።

«ምነው አንጋጦ፣ አንገትህን ይወስዱብኛል ብለህ ነው የያዝከው?» አለው።

«ከወሰዱልኝስ ምርቃት እጨምርላቸው ነበር።»

«ሰው እንጀራውን መሬት ላይ ይፈልጋል፣ አንተ ሽቅብ ታያለህ! ሽቅብ የተፉት ምራቅ የት እንደሚመለስ አልነገሩህም?»

«የኔስ ቀለም ነው። በየቀኑ ፊቴ ላይ ስለሚያርፍ ተዛምደናል።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ግራው ማጅራቴን ሚስማር እንደ መቱበት ነው። እስቲ አንዴ አንቋቋልኝ። ዛሬ ደግሞ መሰላሉ ላይ ሳለሁ ዥው አለብኝ።»

አንቋቋሁለት። በሁለቱም ጎን ጮኸ። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «እፎይ» አለና ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ተመልሶ መጣ። ሕመሙ ያው ነበር፤ ማዞሩ ብሶበታል። «መሰላሉ ነው የሚወዛወዘው ብዬ ሁለት ጊዜ ወርጄ እግሩን አየሁት። ለካ የምወዛወዘው እኔ ነኝ» አለኝ። ዳግም አዞርኩት፤ ከሰኞው ጠንከር አድርጌ። ቅዳሜ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀኝ ጎኑ ጮኸ፣ ግራው ግን ዝም አለ። ያልጮኸ አንገት ያልተፈታ አንገት ነው። ደገምኩት። አሁንም ዝም አለ። ሠለስኩት።

በሦስተኛው ላይ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ አፈፍ አድርጎ ያዘ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «ክፍሉ ዞረ፣ ጋሼ» አለ። ውሃ ሰጠሁት። «ባዶ ሆድህን ሆነህ ይሆናል» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፣ ከዚያም ግድግዳውን ይዞ ወጣ። እህቴ በዚያ ሳምንት ትራሱን ሦስት ጊዜ ለውጣለታለች። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ፤ ለአንዱ የደም ግፊት ነበር፣ ለሌላው ደም ማነስ፣ ለልብስ ሰፊው የቀለሙ ሽታ። እኔ ምንም ምክንያት አልሰጠሁም። ይህን ዝምታዬን ያን ጊዜ እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እህቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የማትቸኩል። ጣቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች በዓይኑ እንዲከተላት አዘዘችው፤ አስተኝታም አስነሥታም ግፊቱን ለካች፤ በወለሉ ንጣፍ መስመር ላይ አስኬደችው። ሄደ፤ እንደ ሰከረ ሰው ባይሆንም እንደ ጤነኛም አይደለም። እኔ ኮቱን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር።

«ማዞርና የአንገት ሕመም አብረው ሲመጡ መንገዱ ብዙ ነው» አለች። «ሚዛናችንን የሚጠብቀው ክፍል ያለው ጆሮ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲታወክ ያዞራል፣ ያዞረው ሰው ደግሞ እንዳይወድቅ አንገቱን ግትር ያደርጋል፣ እሱም ያመዋል። ወይም መነሻው ራሱ አንገቱ ይሆናል፤ እርስዎ ስንት ዓመት ነው ያንጋጠጡት?»

«ሃያ ስድስት።»

«ጡንቻው ይኮማተራል፣ አጥንቱም ያረጃል። ግፊትዎ ደህና ነው፤ ደምዎን አስመረምራለሁ። እንቅልፍ ማጣትም ጭንቀትም ያዞራል። አንድ ሌላ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን እንዳያመልጠኝ የምፈራው እሱን ነው።» እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «በቅርቡ ወድቀዋል? አንገትዎ ተመትቷል? ወይስ ያሸው፣ የጠመዘዘው ሰው አለ?»

«የለም» አለ አንጋጦ። ግድግዳውን ነበር የሚያየው። «የማንም እጅ አልነካውም።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዘወር አለች። «እርስዎስ፣ አባቴ? የሚያውቁት ነገር አለ?»

ኮቱ እጄ ላይ ከበደኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ከርሱ ጋር ግን ሱቄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ የእህቴም ፊት አብረው መጡ።

«የለም» አልኩ።

ጻፈችው። ምናልባት የጆሮ ይሆናል ብላ ኪኒን አዘዘች፤ በሳምንቱ እንዲመለስ ቀጠረችው። ዓይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ውሃ ትን ካለው፣ ወይም መሄድ ካቃተው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣ አጥብቃ ነገረችው።

መንገድ ላይ ክንዱን ይዤው እንሄድ ነበር። አንድ የተዘጋ መጋዘን በር ላይ ስንደርስ አረፍ አልን።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ጋሼ፣ አንተ ያሳደግሃትን ልጅ እኮ ነው ያገባሁት። ስምህን ሐኪም ወረቀት ላይ አስጽፌ በየትኛው ፊቴ ቤቴ ልግባ? ደግሞ የጆሮ ነው ብላለች።»

«ምናልባት ነው ያለችው።»

«እንግዲህ አንተም ዝም ብለሃል» አለ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እንዲያውም አብረን አንድ መልካም ነገር የሠራን ያህል ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከወቀሳ በላይ አመመኝ። ሆኖም ቤቱ አድርሼው ወደ ሱቄ ተመለስኩ፣ እስኪመሽ ድረስም ሠራሁ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛዬ ልብስ ሰፊው ነበር። ላጨሁት፣ በፎጣ ጠረግሁት። ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ «በል ምርቃቴን» አለኝ። እጄ የለመደውን ቦታ ያዘ፤ አንዱ ከአገጩ ሥር፣ ሌላው ከማጅራቱ በላይ። ጣቶቼ ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ተሰማኝ። ያ ምት በየአንገቱ ሁልጊዜ እዚያው ነበር፤ እኔ ግን አጥንቱን እንጂ እርሱን አዳምጬ አላውቅም። ሰውየው አምኖኝ ዓይኑን ጨፍኗል። እጄን አነሣሁ።

«ምነው፣ ተወደደ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ቀርቷል።»

«ለዛሬ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለሁሉም። ሱቁን ጠብቅልኝ፤ እመለሳለሁ።»

«ፎጣህ ገና አንገቴ ላይ ነው እኮ፣ ሰውዬ!»

ጋዋኔን እንደ ለበስኩ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟን ያገኘኋት ኮሪደር ላይ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፍ ነው። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ሳጠናው መጥቻለሁና። «ትናንት ዋሽቻለሁ። አንገቱን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን፣ በመጨረሻው ቀን በግራ በኩል ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዞረበት» አልኳት።

አልተቆጣችም። መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደተሰማው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ትናንት ምን ያዘዎት?» አለች።

«ፈራሁ።»

«ምን ይሆናል ብለው?»

መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው ነፍስ ጎን ሳስቀምጠው በጣም ትንሽ ስለሆነብኝ አልተናገርኩትም። እርሷም አልጠበቀችኝም። «አሁኑኑ ይምጣ። በእግሩ እንዳይሆን፤ መኪና እልካለሁ። አንገቱን ማንም እንዳይነካው» አለች።

ለእህቴ ደወልኩ። ከሥራ ገና መግባቷ ነበር።

«ጋሼ? ልደውልልህ ነበር እኮ! ከተነሣ ጀምሮ ያስመልሰዋል። መስኮቱ ሁለት ሆነብኝ ይላል። ውሃ ብሰጠው ትን አለው። አንቺም ሁለት ሆነሻል፣ አንዷም አላስቀመጠችኝ ብሎ ይቀልዳል፤ አነጋገሩ ግን ልክ አይደለም፣ ጋሼ፣ ምላሱ ከብዷል።»

«መኪና እየመጣ ነው። አስተኚው። አንገቱን እንዳትነኪ።»

«አንተ እንዴት አወቅህ?» አለች።

ስልኩን ዘጋሁት።

በዚያው ቀን የአንገቱንና የራሱን ምስል አነሡት። ሐኪሟ ምስሉን መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። በአንገት አጥንት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት የደም ሥሮች አሉ፤ ሚዛናችንንና ምላሳችንን ለሚገዛው ለአንጎል የኋላ ክፍል ደም የሚያደርሱ ናቸው። የግራው የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ተቀዶ፣ በስንጥቁ ደም ገብቶ ረግቶ ነበር። ከረጋው ደም ላይ ጥቂቱ ተነቅሎ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል ደም አጥታለች።

«እጄ ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። አሥራ አንድ ቀን ማንጋጠጡም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም መጀመሪያ ወደ እርስዎ ሲመጣ ያመመው ራሱ የተቀደደው የደም ሥር ይሆናል፤ እርስዎ ጡንቻ መስሎዎት በላዩ ላይ አዞሩት። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይህ ምስል አይነግረኝም።»

«ትናንት ብናገርስ ኖሮ?»

ምስሉን ከሰሌዳው ላይ አነሣች። «ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ትናንት እጀምርለት ነበር» አለች። «ከዚያ በላይ የማውቀው የለኝም።»

ከዚያ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም። እጄ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር፤ ላለማወቁም ሰውም ሕሊናም የሚቀበለው ምክንያት ይገኛል። ረቡዕ ዕለት «የለም» ያለው አፌ ግን ያውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንጋጦ ከአደጋ ወጣ ተባለ። ግራ እጁ ማንኪያ ከአፉ አያደርስም፣ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ አእምሮው ግን ሙሉ ነበር። እህቴ ልብስ ልታመጣ ቤት ስትሄድ ወደ አልጋው አስጠጋኝ።

«ነገርካት?» አለ። ቃሉ እንደ ረጠበ ወረቀት ይጣበቅበት ነበር።

«ገና።»

«ተው። እኔ ሐኪሟ የደም ሥር ነው አለችኝ ብያታለሁ፤ አበቃ። ባሏንም ወንድሟንም በአንድ ሳምንት ትጣ?»

«አንተን አላጣችም።»

«እሷ ያገባችው መሰላል ላይ የሚቆም ባል ነበር፣ ጋሼ።» ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «እባክህ። አንዴ ዝም ብለናል፤ አንድ ጊዜ ብንጨምርበት ምን አለበት?»

በዚያ ልመናው ውስጥ ለእኔ የሚሆን ዕረፍት ነበረበት፤ ብቀበለው ማንም አያውቅብኝም፣ ማንም አይወቅሰኝም። እህቴ ስትመለስ ግን ከበሩ ላይ ተቀበልኋትና ወደ ጓሮው ይዣት ሄድኩ። የሆስፒታሉ አንሶላዎች በረጅም ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። ከሥራ ከወጣች ገና ስላልታጠበች የክንዷ ጠጉር ላይ ዱቄት ደርቆበታል። ቆመን ነገርኳት። ከሰኞው ጀምሬ፣ ምንም ሳልቀንስ፣ ምንም ሳላሳምር።

«ስንት ጊዜ?» አለች።

«ሦስት ቀን። በመጨረሻው ቀን ደጋግሜ።»

«እሱ ነው የለመነህ?»

«እሱ ነው።»

«እኔም ብሆን ወዳንተ ነበር የምልከው» አለች ቀስ ብላ። «ራስ ምታት ሲይዘኝ ልጅ ሆኜ እንኳ ወዳንተ ነበር የምመጣው። በዚያ አልወቅስህም። ረቡዕ አብረኸው ገብተሃል አይደል?»

«አዎ።»

«ሐኪሟ ጠይቃለች?»

«እሱን ጠየቀችው። ከዚያ እኔን።»

«አንተን?» አየችኝ። «ለብቻህ? ፊት ለፊት?»

«ፊት ለፊት።»

«ምን አልክ?»

«የለም አልኩ።»

አንድ አንሶላ በንፋስ ተነሥቶ ትከሻዋን መታት፤ አልገፋችውም። እንድትጮህ ፈለግሁ። አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለች፣ ሰርቃ ዋሽታኝ መትቻታለሁ፤ የመታኋት ስለ ስርቆቱ ሳይሆን ስለ ውሸቱ እንደሆነ ነግሬአትም ነበር። ያን ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም። የያዘችውን የልብስ ከረጢት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አሁን ሂድ» አለችኝ፣ ወደ ውስጥም ገባች።

ሦስት ሳምንት ወደ እነርሱ አልሄድኩም። ሱቄን ከፍቼ ዋልሁ፤ ምርቃት ለጠየቀኝ ሁሉ ለምን እንደተውሁት የእህቴን ባል ጨምሬ ነገርኩ። አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወጣት ፀጉር አስተካካይ ተሻገረ። ወደ እርሱም ሄጄ ነገርኩት፤ «አባባ፣ ደንበኛ ሲሸሽዎት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ግን እጁን እንደሰበሰበ ልብስ ሰፊው ነገረኝ። ሁለቱ ራሰ በራዎች ምንም የሚያመጣቸው ነገር ሳይኖር አሁንም ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

በአራተኛው ሳምንት እህቴ ስልክ ደወለች። ሰላምታም አልነበረው። «ሐኪሟ በየቀኑ ይራመድ ብላለች። እኔ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ። የሚያራምደው ሰው ያስፈልጋል» አለች። «እሺ» አልኩ። ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት እሄዳለሁ። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ወጥ ቤቱ ደፍ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። አንጋጦ ቀኝ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ፊት ለፊት ባለ አንድ ነገር ላይ ይተክላል፤ ሽቅብ ማየትም ድንገት መዞርም ተከልክሏል። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካው፣ ከኋላው እከተላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ያዘነብልብኝ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

«ይህን ግድግዳ ማን ነው የቀባው? ሁለት እጅ ቀለም እንኳ አላለበሰውም» ይላል እየሄደ።

«አንተ ነህ የቀባኸው።»

«ግድግዳ ማንም ይቀባል ብዬህ አልነበር?»

ባለፈው ማክሰኞ ዳቦ ቤቱ ውስጥ መብራት ጠፍቶ እህቴ ቀድማ ተለቀቀች። ስትገባ አልሰማኋትም። ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ደርሰን፣ አንጋጦ እግሩን ጥቂት በጥቂት እያዟዟረ ወደ መኝታ ቤቱ ሲመለስ፣ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። መንገዱን ለቀቀችለት። አጠገቧ አለፈ፣ እኔም ከኋላው አለፍኩ። አልጋው ጫፍ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ጠብቃ፣ ሻርፏን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ነገ እስከ ውጭው በር አድርሰው» አለችኝ፣ እጇንም ልትታጠብ ወደ ጓዳ ገባች።